አንድ ፍሬ ጀንፈል

ሳቢሃ አባቦራ ቁጭ ብላ ሻይ ስትጨርስ ያየ ሰው ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ የለም። ብርጭቆውን እንደያዘች ትነሳለች፤ በመስኮት ታያለች፤ ለአላፊው ሰላምታ ልትሰጥ ብቅ ትላለች፤ ስትመለስ ሻዩ በርዷል። ባሏ ሸኩር አናጺ ነው። ቤታቸው ውስጥ ያለውን ወንበር ሁሉ የሠራው እሱ ነው። «ለማን እንደሠራሁት እንጃ» ይላል ለእንግዳ። «ለእሷስ አንድ ምሰሶ ይበቃት ነበር፣ ደገፍ የምትልበት።»

ዕድሜዋ አርባ ሁለት ነው። ከዚህ ውስጥ አሥራ ስምንቱን ዓመት እዚያው ሰፈር ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት ስታስተምር አሳልፋዋለች። ሌላም ልማድ አለባት፤ ሰው የጀመረውን ወሬ ትጨርስለታለች። ተማሪ ተነስቶ «ቲቸር፣ ትናንት የቀረሁት...» ሲል «እናትህን አሟት ነው» ትለዋለች። ብዙ ጊዜ ልክ ናት፤ ጣጣው ይሄው ነው። ልክ ያልሆነች ቀን ተማሪው «አዎ ቲቸር» ብሎ ይቀመጣል እንጂ ማን ያርማታል?

እንግዲህ ተማሪዎችን ሰው ማዳመጥ እንድታስተምር የተመረጠችው እሷ ናት።

ነገሩ የተጀመረው አምና ነው። ከየትምህርት ቤቱ አንዳንድ መምህር ተጠራና፣ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ቀን ሥልጠና ተሰጠ፤ ተማሪ ከተማሪ ሲጣላ የሚያስታርቁት ራሳቸው ተማሪዎች ይሆኑ ዘንድ። ዳይሬክተሩ ወንድወሰን «አንቺ ከሰው ትግባቢያለሽ» ብሎ ሳቢሃን ላካት። ስትመለስ አንድ ቀጭን መመሪያ ይዛ መጣች። አስታራቂ አይፈርድም ይላል። አስታራቂ ያዳምጣል። በክፍሉ የተነገረ ከክፍሉ አይወጣም። ክፍል ሲባል የተሰጣቸው የድሮው የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ የተነፈሰ ኳስና የተቀዳደደ የመረብ ኳስ መረብ ገፋ ገፋ አድርገው አራት ወንበር አስገቡበት።

ስምንት ተማሪ መለመለች። ሁለቱ የተጣሉ ይመስላሉ፣ ሦስተኛው ያስታርቃል፣ የቀሩት ያያሉ። ልምምዱ ይሄ ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ግን ሳቢሃ ትነሳና ታቋርጣለች። «ቆይ፣ እሱ ማለት የፈለገው...» ትላለች። የተጣላ መስሎ የተቀመጠው ልጅ ሳይቀር ምን ማለት እንደፈለገ ከእሷ ይሰማል። በሦስተኛው ቀን ዩምና የምትባል አሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ፣ አጭር፣ ምላሷ የማያርፍ፣ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ።»

«ጠይቂ።»

«እርስዎ ካሉ እኛ ምን እንሠራለን?»

ልጆቹ ሳቁ። ሳቢሃም ሳቀች፤ ግን ነገሩ እቤቷ ድረስ ተከተላት። ማታ ላይ አጋሮ ያለው አባቷ ከላከው ከረጢት ውስጥ እጇን ከታ አንድ ፍሬ ጀንፈል አወጣች፤ ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና። ጉንጯ ውስጥ ወሸቀችውና ሸኩር ስለ ጣውላ ዋጋ ሲያወራ ሰማችው። እስከ መጨረሻው ሰማችው። ሸኩር ጨርሶ ዝም ካለ በኋላ ጥቂት ጠበቀና «አሞሻል እንዴ?» አላት።

በማግስቱ ይሄ የክፍሉ ደንብ ሆነ። የሚያስታርቅ ሰው ጀንፈል በጉንጩ ይይዛል። መናገር ካለበት መጀመሪያ ፍሬውን በመዳፉ ላይ ያወጣል፤ እስኪያወጣ ድረስ ሊናገር ካሰበው ግማሹ አላስፈላጊ ሆኖ ይገኛል። ልጆቹ መጀመሪያ «ጫት ነው የሚመስልብን» ብለው አፈሩ። በኋላ ደስ አላቸው። ግቢው ሁሉ «ጀንፈሎቹ» ይላቸው ጀመር። በመጽሐፍ ተዋሰኸኝ ጠብ፣ በወንበር ቀማኸኝ ጠብ እየሄዱ ይፈቱ ነበር፤ ያውም ጥሩ አድርገው።

ለደንቡ ሳቢሃ ከራሷ አንድ ነገር ጨመረችበት። አባቷ አባቦራ በአጋሮና በዙሪያው የታወቀ ጃርሳ ነው፤ ሽማግሌ ማለት ነው፣ የቡና መሬት ወሰን የተጋፋ፣ በሠርግ የተቀያየመ እሱ ዘንድ ይመጣል። ልጅ ሆና ወንበር የምታመላልሰው እሷ ነበረች። ወሬው ሲያልቅ አባቷ «ታናሹ ይነሳ» ይል ነበር። ጥፋቱ የማንም ይሁን ታናሹ ይነሳና የታላቁን ትከሻ ስሞ «አውፍ በለኝ»፣ ይቅር በለኝ፣ ይላል። ታላቁ ይመርቃል፤ ሰው ይነሳል፤ እሷ ወንበሯን ትሰበስባለች። «ይሄን መመሪያው አያውቀውም» አለቻቸው ለልጆቹ። «ይሄ የእኛ ነው።»

ሙርሺድና ፋሂም የመጡት ጥቅምት ማለቂያ ላይ ነው።

ሙርሺድ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ረዘም ያለ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ መምህራን የሚወዱት ዓይነት። ፋሂም አሥረኛ ነው። ከሊሙ ገጠር መጥቶ መንደራ ቆጪ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይማራል፤ በየሁለት ሳምንቱ ስንቅ ይመጣለታል። የተከራየው የሙርሺድ እናት የወይዘሮ መድና ግቢ ውስጥ ነው። ይሄን ሁሉም ያውቃል፤ ከጉዳይ የቆጠረው ግን አልነበረም። ፋሂም ሜዳ ላይ ሙርሺድን ገፍትሮ፣ ጓደኞቹ እያዩ ጭቃ ውስጥ ጣለው። ጠቡ ይሄ ነው።

«ለምን ገፋኸው?» አለች ዩምና ፍሬዋን አውጥታ።

«ሂድ ሶፍት ግዛልኝ አለኝ።»

«ሶፍት ግዛ ማለት ያስገፋል?»

ፋሂም ዝም አለ። ዝምታው ረዘም አለ። ሳቢሃ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ወንድወሰን ለትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚላከውን ሪፖርት ይዞ ይጠብቃታል፤ ሰዓቷን ሁለት ጊዜ አየች። ከዚያ ዩምናን በዓይኗ ጠቀሰቻት። ዩምና ገባት።

«እንግዲህ የገፋኸውም አንተ ነህ፣ ታናሹም አንተ ነህ። ተነሳ።»

ፋሂም ተነሳ። የሙርሺድን ትከሻ ሳመ፣ «አውፍ በለኝ» አለ። ሙርሺድ ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረገው። ሁሉም በሃያ ደቂቃ አለቀ። ሳቢሃ ሁለቱን አቆመችና በስልኳ ፎቶ አነሳቻቸው፤ ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ በድምፅ ማጉያ ተናገረች፤ ፎቶው ታትሞ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ፎቶው ላይ ሙርሺድ ይስቃል። ፋሂም ካሜራውን አያይም።

ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ፋሂም የዜግነት ክፍለ ጊዜ ላይ ሸሚዙ ቡናማ ሆኖ መጣ። ነጭ መሆን የነበረበት ነው። ሳቢሃ ተማሪ ማጫወት ትወዳለች፣ «ፋሂም» አለችው፣ «በዚህ ሁሉ የጅማ ዝናብ ውሃ ጠፋ ወይ?» ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ፋሂም «አይ ቲቸር» ብሎ ጠረጴዛውን አየ። እሷ ወደ ሰሌዳው ዞረች፣ ረሳችው።

አርብ ዕለት፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ፋሂም በቦርሳው የሙርሺድን አፍ መታው። ቦርሳው ውስጥ የብረት ምሳ ዕቃ ነበር።

«ያስታረቅሻቸው ልጆች» አለ ወንድወሰን፣ ሳቢሃ ቢሮው ስትገባ። ወንድወሰን ሲናደድ ድምፁ ይቀንሳል። «ዕርቁ ፀንቷል። በሦስት ክር ነው የተሰፋው፣ ከንፈሩ ላይ።»

«ምን ተባብለው ነው?»

«ሙርሺድ ሳቀ ይላሉ። ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ አንድ ነገር ብሎ ሳቀ። ያኛው ዞሮ መታው። ማክሰኞ ከሰዓት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይቀመጣል። ፋሂም ለዓመቱ ይባረራል። ይሄ እንግዲህ የእኔ ፍላጎት አይደለም፣ ደንቡ ነው፤ ደም ፈሷል።»

«ዓመቱን ካጣ እኮ አይመለስም። አባቱ ቡና ላይ ያስቀረዋል።»

«ያንን ምሳ ዕቃውን ሲያነሳ ማሰብ ነበረበት።»

«እስከ ማክሰኞ ጠዋት ስጡኝ። አንድ ጊዜ እንደገና ይቀመጡ።»

ወንድወሰን ወረቀቱን ገለበጠ። «ይቀመጡ። ግን መምህርት ሳቢሃ፣ ኮሚቴው ፊት ምክንያት ይዘሽ ካልመጣሽ እኔም ልረዳሽ አልችልም። ያቺን የኳስ መጋዘንም ቢሆን መልሼ ለኳስ አደርጋታለሁ።»

ቅዳሜን እንዴት እንዳሳለፈችው ሸኩር ያውቃል። ሦስት ጊዜ ወጣች፣ ሦስት ጊዜ ተመለሰች። አንዴ በባጃጅ መንደራ ቆጪ ድረስ ሄዳ፣ የወይዘሮ መድናን በር አይታ፣ ሳትወርድ ተመለሰች፤ ባለባጃጁ «ረስተሽ ነው ወይስ ፈርተሽ?» አላት። «ሁለቱም» አለችው። እሁድ ጠዋት ሸኩር ቁርሱን ሳይጨርስ አጋሮ የምትሄድ ሚኒባስ ላይ ነበረች።

አባቷ ጋ ስትደርስ ሰማዩ ጠቁሯል። ቡናው አልጋ ላይ ነው፤ እንጨት ተተክሎ ወንፊት በተዘረጋበት ረጅም ማድረቂያ ላይ ቀዩ ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ ገና ነው። ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ ለዚህ ጠላት ነው። አባቦራ ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ላስቲክ ይዞ ከአልጋ ወደ አልጋ ይሮጣል።

«ያዢ በዚያ በኩል» አላት ሰላምታ ሳይሰጥ።

ያዘች። «አባ፣ ሁለት ልጆች ተጣልተውብኝ...»

«በመሬት ነው?»

«ተማሪዎች ናቸው አባ፣ ምን መሬት አላቸው። አንደኛው ሌላውን...»

«ገባኝ። በሴት ነው።»

«አይደለም፣ እርስዎ ዝም ብለው...»

«አምጫቸው። ነገ አምጫቸው፣ በአንድ ሰዓት እጨርሳቸዋለሁ። ሳቢው እንጂ ላስቲኩን፣ ሊጥል ነው።»

ሳቢሃ ላስቲኩን ሳበች። ይሄን ሰው የት እንደምታውቀው አሰበች፤ ሰው ሳይጨርስ የሚጨርሰውን፣ ቁጭ የማይለውን። ሳቋ መጣ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም። ዝናቡ ጣለ። ሁለቱም ከቤቱ ጣራ ጥግ ስር ገቡ። ከኪሷ አንድ ፍሬ አውጥታ ጉንጯ ውስጥ ከተተች፤ አባቷ በመገረም አያት።

«ምንድነው፣ በጥሬው ትበያለሽ?»

በጣቷ ቆይ አለችው። አባቦራ ሰው ዝም ሲለው መታገስ የማይችል ሰው ነው። ዝናቡን አየ፣ አልጋዎቹን አየ፣ እንደገና እሷን አየ።

«ያስታረቅሻቸው እንዴት ነበር?» አለ በመጨረሻ።

ፍሬዋን አወጣች። «እንደ እርስዎ። ታናሹ ተነሳ፣ ትከሻ ሳመ።»

«እሺ። በማግስቱስ?»

«በማግስቱ ምን?»

«በማግስቱ ታላቁ ወደ ታናሹ ቤት አልሄደም?»

ሳቢሃ ወደ እጇ አየች። ጀንፈሉ መዳፏ ላይ ነው።

«ታናሽን ያስነሳሁት ጥፋተኛ ስለሆነ መስሎሻል?» አለ አባቦራ። «እሱ ቀድሞ ይነሳል፤ ጠዋት ደግሞ ታላቁ በእግሩ ይሄድና ቤቱ ይበላል፣ የታናሹ ልጆች እያዩ። ያ ካልሆነማ ታላቁ ምን አጎነበሰ? እኔ ስንቱን አንገቱን ይዤ ወስጃለሁ። አንቺ አታውቂም እንዴ?»

አላወቀችም። ማታውን ወንበር ሰብስባ ጨርሳ ጠዋት ትምህርት ቤት ነበረች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግማሹን ይዛ ኖራለች፤ ግማሹንም ለልጆች አስተማረች።

«ታዲያ ነገ ታመጫቸዋለሽ?»

«አይ አባ። እዚያው ይጨርሱት።»

«አይችሉም። ልጆች ናቸው» አለ፤ ዝናቡ ሳያባራ ሊያረጋግጥ ወደ ቡናው ወጣ።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጋዘኑ ውስጥ አራት ሰው ነበር። ሙርሺድ፣ ከንፈሩ አብጦ። ፋሂም። በመካከላቸው ዩምና፣ ፊቷ የገረጣ፤ ያ ፎቶ እስካሁን ሰሌዳው ላይ ነው፣ ከእሱ ጎን ደግሞ የእሷ ስም። ሳቢሃ ጥግ ላይ፣ የተነፈሱት ኳሶች አጠገብ፣ ቁጭ ብላ። ጠዋት ለዩምና አንድ ነገር ብቻ ነግራታለች፤ ስለ ጠቡ እንዳትጠይቂ፣ ከታረቁበት ቀን ማግስት ጀምረሽ ጠይቂ። ሳቢሃም ዩምናም ጀንፈላቸውን በጉንጫቸው ይዘዋል።

ዩምና ፍሬዋን አወጣች። «ባለፈው ከታረቃችሁ በኋላ፣ በነጋታው ጠዋት፣ ምን ሆነ?»

ፍሬዋን መለሰች።

 ሙርሺድ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። ፋሂም እጁን በጭኑ መሃል ከቶ ወለሉን ያያል። አንድ ደቂቃ ሆነ። ሳቢሃ ልትነሳ ስትል የወንበሩን ጠርዝ ይዛ ራሷን አስቀረች። «የቤት ኪራይ ጨመሩብህ፣ አይደል?» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ እርግጠኛ ናት፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ጀንፈሉን በጥርሷ ያዘች። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣራ መታ፤ ድምፁ እየበረታ ሄዶ፣ መናገር የፈለገ ሰው እንኳን ቢኖር የማይሰማበት ደረጃ ደረሰ። አራቱም ቁጭ ብለው ጣራውን አዳመጡ። ዩምና ዞራ አየቻት፣ ልክ እንደዚያን ቀን፣ ምልክት ስትጠብቅ። ሳቢሃ ዓይኗን ጨፈነች።

ዝናቡ ቀለል ሲል ፋሂም እያወራ ነበር። መቼ እንደጀመረ ማንም አላየም።

«...ቁልፍ አለው። ቧንቧው። ጠዋት ጠዋት ቁልፉ እሱ ጋ ነው። በነጋታው ባልዲዬን ይዤ ስመጣ፣ አውፍ በለኝ በል አለኝ። ቀልዱን ነው ብዬ አልኩት። ከፈተልኝ። በሚቀጥለውም ቀን አውፍ በል አለኝ። ከዚያ ትከሻ ሳም አለኝ። ከዚያ ጓደኞቹ ሊወስዱት ሲመጡ፣ እነሱ ፊት።»

ዩምና አፏን ከፍታ ዘጋችው።

«ከዚያ ቧንቧ መሄድ ተውኩ። የምጠጣውን ከመስጊድ በጀሪካን አመጣለሁ። ልብስ ግን መስጊድ አይታጠብም፣ አወቱ ወርጄ አጥባለሁ። ወንዙ ደግሞ በዝናቡ ደፍርሷል።» እጅጌውን አየ። «አርብ ዕለት በር ላይ፣ ዛሬ አውፍ አላልክም አለኝ። ሳቁ።»

ሳቢሃ ያ ቡናማ ሸሚዝ ታያት። በዚህ ሁሉ የጅማ ዝናብ ውሃ ጠፋ ወይ። ክፍሉ ሲስቅ የራሷ ድምፅ ከሁሉም በላይ ነበር።

ሙርሺድ ቀና አለ። ነገሩ ከሳቅ ወጥቶ ሲነገር እሱም ገና አሁን የሰማው ይመስላል። ግን እጁን አልሰጠም፤ «እኔ ምን አደረግሁ?» አለ። «እናንተ አይደላችሁ ጥፋተኛው እሱ ነው ያላችሁት? ሰልፍ ላይ ተነገረ፣ ፎቶ ተለጠፈ። አውፍ ያስባላችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ ያላችሁትን ነው ያስደገምኩት።»

ይሄ ንግግር ለክርክር ነበር የተሰነዘረው። ችግሩ እውነት መሆኑ ነው።

ዩምና ፍሬዋን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ልክ ነህ» አለች። «ፋሂም፣ ያን ቀን ዝም ስትል መጠበቅ ነበረብኝ። አልጠበቅሁም። አውፍ በለኝ።»

ከዚያ ሳቢሃ ተነሳች። መነሳት ለእሷ አዲስ ነገር አይደለም፤ እንዲህ ከብዷት ግን አያውቅም። ክፍሉ ውስጥ ታላቋ እሷ ናት፤ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ተማሪ ፊት ይህን አድርጋ አታውቅም። «ዩምናን ያስቸኮልኳት እኔ ነኝ» አለች። «የሸሚዝህንም ነገር... ሰው ፊት ነበር ያልኩት፤ ክፍል ውስጥ፣ ሰው ፊት አውፍ በለኝ እልሃለሁ።»

«አያስፈልግም ቲቸር» አለ ፋሂም ደንግጦ። «ማሎ፣ እንዳይሉ። ክፍል ውስጥ ከተነሳ ሰው ይጠይቃል። ወሬው እማማ መድና ጋ ከደረሰ ደግሞ ልጄን አሰደብክ ብለው ያስወጡኛል። ማንም እንዳይሰማ። ኮሚቴውም።»

ሳቢሃ ተቀመጠች። ምክንያት ይዘሽ ካልመጣሽ ብሏታል ወንድወሰን። ምክንያቱ ይሄው ተገኘ፤ ግን ከዚህች መጋዘን መውጣት አይችልም።

ሙርሺድ የተሰፋውን ከንፈሩን በጣቱ ነካካ። «እሺ፣ ይቅር» አለ።

«ምኑ ነው የሚቀረው?» አለች ዩምና።

«ይሄ ነገር።»

«የቱ ነገር?»

«አንቺ ደግሞ ሴትዮ፣ ፖሊስ ነሽ እንዴ? ቧንቧው።» ማንም አላገዘውም፤ ራሱ ጨረሰው። «ጠዋት እከፍትለታለሁ። ምንም ሳልል።»

ፋሂም አላመሰገነውም። «እኔም የመታሁህ...» አለና ወደ ከንፈሩ አየ። «መጥፎ ነው የመታሁህ።» የታረቀም የለም፣ ትከሻ የተሳመም የለም። ዩምና ይብቃ ወይ በሚል ዓይን ሳቢሃን አየች፤ ሳቢሃ አላውቅም ብላ ትከሻዋን ነቀነቀች፤ እውነትም አታውቅም።

ኮሚቴው ስምንት ሰዓት ላይ ተቀመጠ። ወንድወሰን፣ ሁለት መምህራን፣ ከወላጆች በኩል ደግሞ የተጎጂው እናት ወይዘሮ መድና። ጥቁር ሒጃባቸውን አስተካክለው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሳቢሃ ስታያቸው እግሯ ወደ በሩ ሄዶ ነበር፤ መልሳ ጎተተችው። ፋሂም ግድግዳ ሥር ቆሟል።

«እኔ ይሄን ልጅ እንደ ልጄ ነው የያዝኩት» አሉ ወይዘሮ መድና። «ወላሂ፣ ስንቁ ሲዘገይ ከእኛ ይበላል። ምን ጎደለበት? ልጄ ምን አድርጎት ነው እንዲህ የሚመታው? አስታረቅናቸው አላላችሁም? ንገሪኛ፣ መምህርት።»

ሁሉም ወደ ሳቢሃ ዞረ። የምትናገረው ሞልቷል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ፋሂም ዛሬውኑ ነፃ ይወጣል፣ ሴትየዋ አፍረው ይሄዳሉ፤ ነገ ደግሞ ፋሂም ሻንጣውን ይዞ ቤት ይፈልጋል፤ ከነገ ወዲያ ያችን መጋዘን ማንም አይረግጣትም። ፋሂም ግድግዳው ሥር ሆኖ የሚያየው አፏን ነው። ጀንፈሉን ከጉንጯ አወጣችና በመዳፏ ጨበጠችው።

«የመጀመሪያው ዕርቅ የተበላሸ ነበር፤ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ» አለች። «ቸኩዬ አንደኛውን ሳልሰማ አስነሳሁት። ሰልፍ ላይ የተናገርኩትን ሰልፍ ላይ አነሳዋለሁ፣ ፎቶውንም አውርጄዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ተነጋግረዋል። ምን እንደተነጋገሩ ግን አልናገርም።»

«መምህርት ሳቢሃ» አለ ወንድወሰን፣ ድምፁ ቀንሶ፣ «እንዲህ ካልሽ ምን ይዤ ልወስን?»

«እኔንጃ።»

ሳቢሃ እኔንጃ ስትል የሰማ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። አንደኛው መምህር ብዕሩን አስቀመጠ። ወይዘሮ መድና «ይሄ እኮ መልስ አይደለም» አሉ፤ እውነታቸውን ነው።  ሳቢሃ ወለሉን እያየች ሰድሎቹን ቆጠረች፤ አሥራ አራት ላይ ስትደርስ በሩ ተንኳኳ።

ሙርሺድ ነው። ተራው ገና ሳይደርስ፣ ሳይጠራ ነው የመጣው።

«እኔም ጥፋት አለብኝ» አለ። ከንፈሩ ቃሉን ይጎትትበታል። «እሱ ከመምታቱ በፊት ማለቴ ነው። ብዙ ቀን ነው።»

«ምን ጥፋት?» አሉ እናቱ።

«ጥፋት ነዋ፣ እማ።»

«የምን ጥፋት እልሃለሁ?»

«ለአንቺ ቤት እነግርሻለሁ። እሱን አላስወጣውም ካልሽኝ።»

ወይዘሮ መድና ልጃቸውን አዩት፣ ከዚያ ፋሂምን፤ ዓይናቸው ሸሚዙ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚህ በላይ አልጠየቁም። ቦርሳቸውን ዘጉት፤ ዘለበቱ ቀጭ ያለው ለሁሉም ተሰማ። «እኔ ይባረር አላልኩም» አሉ ለወንድወሰን። «ደንቡ ነው ያልከኝ አንተ ነህ።»

ውሳኔው ግማሽ ገጽ ሆነ። ፋሂም እስከ መንፈቁ ማብቂያ በማስጠንቀቂያ ይማራል። ሌላ ጠብ ከተነሳ ይባረራል፤ የአስታራቂዎቹም ክፍል ይዘጋል። ኃላፊነቱን የምትወስደው መምህርት ትፈርም ተባለ፤ ሳቢሃ ቆማ ፈረመች።

በማግስቱ ሰልፍ ላይ፣ ያንኑ ድምፅ ማጉያ ይዛ፣ የቀደመውን ዕርቅ አነሳችው፤ «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለች፣ ስም ሳትጠራ። ከኋላ የሳቀ ነበር። ጨርሳ ስትወርድ ተማሪው ገና በበሩ ይገባል። ሌሊቱን ሲጥል አድሮ ግቢው ረግረግ ሆኗል። ሙርሺድ ከጓደኞቹ ጋር ገባ፤ አያየኝም አለች፣ ግን አያት፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አላት። ፋሂም ከኋላው፣ አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ርቆ፣ ብቻውን ይመጣል። አብረው አልመጡም። ይሄ ምን ማለት ነው? ከፈተለት ወይስ አልከፈተለትም? ነገሩ እስከ መንፈቁ ይዘልቃል? ወይዘሮ መድናስ ማታ ምን አሉ? ፋሂምን ልትጠራ እጇ ተነሳ።

ሸሚዙ እርጥብ ነበር። በዚህ ዝናብ ጠዋት የታጠበ ልብስ አይደርቅም፤ ከነእርጥበቱ ለብሶት ትከሻው ላይ ተጣብቋል። ነጭ ነው።

ሳቢሃ እጇን አወረደችና ኪሷ ውስጥ ከተተች። አንዷን ፍሬ አግኝታ ጉንጯ ውስጥ አደረገች። ከዚያ ደወሉ እስኪደወል ድረስ፣ መቆም አቅቷት፣ በረንዳውን ከዳር እዳር ተመላለሰችበት።